ቀጥ ብሎ የሚሄድ ዲስክ ፍለጋ፦ አራት ሚድሬንጆች በጎንደር ኮረብታ ላይ

ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ገብቼ "ጋሼ፣ እባክዎ ይህችን ይመዝኑልኝ" ብዬ ከቦርሳዬ ያወጣሁት ወርቅ አልነበረም፤ በዲስክ ጎልፍ ጨዋታ የምትወረወር፣ የሳሕን ስፋት ያላት ብርቱካናማ ፕላስቲክ ነበረች። ሰውየው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አገላብጠው አዩዋትና ምንም ሳይጠይቁኝ ሚዛኑ ላይ አስቀመጧት። 161 ግራም። ከሆዷ በኩል በቀለም የተጻፈው ደግሞ 175 ይላል። "አሥራ አራት ግራም እኮ በእኛ ሥራ ብዙ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። በእኔም ጨዋታ ብዙ ነው። ከዚያ ቀን በፊት አምስት ሳምንት ሙሉ ዲስኳ የምትሄድበት አቅጣጫ አልገመት እያለኝ ክንዴን ስወቅስ፣ አቋቋሜን ስቀያይር፣ ተማሪዎቼን "እኔ እስካስተካክለው ቆዩ" ስል ከርሜአለሁ። ጥፋቱ የክንዴ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ ዲስኩን ለመግዛት ላሰበ ሰው፣ በተለይም እንደ እኛ ከፍታ ላይ ለሚኖር ነው። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ የስፖርት መምህርት ነኝ። ዲስክ ጎልፍን ያስተዋወቀኝ ዴንቨር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው። ዓምና ለጥምቀት ሲመጣ ከልብሱ መሐል ሦስት ዲስኮች አውጥቶ "እታለም፣ ይኼ ያንቺ ነው፤ ልጆቹን አስተምሪበት" አለኝ። ሦስቱም ሚድሬንጅ፣ ማለትም ለመካከለኛ ርቀት የተሠሩ ናቸው፤ ስማቸው ሮክ፣ ማኮ 3 እና ባዝ። አራተኛዋን፣ ያቺን ብርቱካናማ፣ እኔው ነኝ አዲስ አበባ ለስልጠና በሄድሁ ጊዜ ከአንድ ሱቅ የገዛኋት።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። አካሄዱ የጎልፍ ነው፤ በዱላና በኳስ ፋንታ ዲስክ ይወረወራል፤ ዲስኩ ካረፈበት ተነስቶ እንደገና እየተወረወረ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይኬዳል፤ በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ በ1975 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ ፓርክ ውስጥ የተተከለ ሲሆን የቀየሰው ኤድ ሄድሪክ ነው። ያኔ ዒላማው ምሰሶ ብቻ ነበር። ዲስክ የሚይዘውን ባለ ሰንሰለት ቅርጫት ይዞ የመጣው በኋላ ነው። ሄድሪክ በ2002 ሲሞት በራሱ ፈቃድ አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ ዲስክ ተሠርቶበታል። ለእኛ ሲሰሙት የሚከብድ ነገር ነው፤ ለጨዋታው የነበረውን ፍቅር ግን ይገባኛል። የእኛን ቅርጫት ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ያለ አንድ በያጅ ነው የሠራልን። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ እያየ፣ የቅርጫቱን አፍ ከመሬት 82 ሴንቲሜትር ላይ አድርጎ፣ ሰንሰለቱን ከቁርጥራጭ ብረት መሐል ለቅሞ። ዲስክ ሲገባበት የሚያሰማውን ድምፅ ተማሪዎቼ ከመንገድ ማዶ ሆነው ያውቁታል።

ሱቅ የሚገባ ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ሩቅ የሚሄደውን ነው። ልጆቹም "ቲቸር፣ የሩቁን አምጪልን" ይሉኛል። የሩቁ ድራይቨር ይባላል፤ ጠርዙ ሰፊና ስል ነው፤ ፈጣን ክንድ ካላገኘ ገና ሳይርቅ ወደ ግራ ይጠመዘዝና መሬት ይወጋል። በሌላው ጫፍ ያለው ፑተር ነው፤ ጠርዙ ድፍን፣ ከቅርጫቱ አጠገብ የሚወረወር። ሚድሬንጅ በሁለቱ መሐል ነው። በጥሩ ውርወራ ስልሳ ሜትር ይሄድልኛል፤ በለዘብተኛ ውርወራ ሃያ ሜትር ላይ ያርፍልኛል፤ በዛፍ መሐል ያልፋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስህተትን በእውነት ያሳያል። እጅህ ቢዘምም ዲስኩ በዘመመበት ልክ ይዘምማል እንጂ አጋንኖ አይቀጣህም፣ ሸፍኖም አያታልልህም። አንድ ብቻ መግዣ ያለው ሰው ሚድሬንጅ ይግዛ። በዚህ ላይ ከማንም ጋር ክርክር አልገጥምም።

የትኛውን? እዚህ ላይ ነው ዲስኮቹ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ማንበብ የሚያስፈልገው። ስፒድ፣ ግላይድ፣ ተርን፣ ፌድ ይባላሉ። ስፒድ ዲስኩ እንደተሠራለት ለመብረር የሚፈልገው ፍጥነት ነው። ግላይድ አየር ላይ የመንሳፈፍ ችሎታው ነው። ተርን ገና ፈጣን ሳለ ወደ ቀኝ የማዘንበሉ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በወረደ መጠን ማዘንበሉ ይበዛል። ፌድ ደግሞ ሲደክም ወደ ግራ የሚታጠፍበት ልክ ነው። ቀኝና ግራ ስል በቀኝ እጁ በአይበሉባ በኩል ለሚወረውር ሰው ነው። በግራ እጁ ለሚወረውር ሁሉም ይገለበጣል፤ በመዳፍ በኩል ለሚወረውርም እንዲሁ።

ለተማሪዎቼ ይህን ያስረዳሁት በእንዝርት ነው። እናቴ ፈትል ስትፈትል እንዝርቱ እየሾረ ሳለ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሽረቱ ሲደክም ዘመም ማለት ይጀምራል። ዲስክም የሚሾር ነገር ነው። በፍጥነት ሲሄድ አየሩ ወደ ላይ የሚገፋበት ነጥብ ከመሐሉ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ሲዘገይና አፍንጫው ቀና ሲል ግን ነጥቡ ወደ ፊት ይመጣል። የሚሾር ነገር ደግሞ በተገፋበት በኩል አይዘምም፤ ሩብ ዙር አልፎ በጎኑ ይዘምማል። ለዚህ ነው ያው ዲስክ በመጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ በመጨረሻ ወደ ግራ የሚለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እነዚህን ቁጥሮች አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው የሚያወጧቸው፤ ሲያወጧቸውም ጎንደርን አስበው አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። (ባሕር ዳርቻ ስል የውቅያኖሱን ነው፤ ባሕር ዳር ከተማማ ከእኛ ብዙም አታንስም።) ዲስክ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ተደግፎ ነው። አየሩ ሲሳሳ ድጋፉ ይቀንሳል፤ ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው ግፊትም ይቀንሳል፤ በቀስታ የተወረወረ ያህል ይሆናል። ባጭሩ እዚህ አገር ዲስክ ሁሉ ጽሑፉ ላይ ካለው የበለጠ ወደ ግራ ይወዳል። ወንድሜ ይህን ዴንቨር ላይ ተምሮታል፤ ዴንቨር 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጎንደር መጥቶ የመጀመሪያዋን ውርወራ ሲወረውር ግን እሱም ደነገጠ። "እዚያ ቀጥ የሚለው እዚህ ይታጠፋል" አለኝ። ይህን ያላወቀ ጀማሪ ዲስኩ ወደ ግራ በሄደ ቁጥር ክንዱን ያጣምማል፤ በተጣመመ ክንድ ላይ ልማድ ሠርቶ በኋላ ማቃናቱ መከራ ነው። እኔ አስተማሪ ስለሆንሁ ይህ ነገር ከምንም በላይ ያሳስበኛል።

የሞከርሁበት ቦታ ከከተማው በስተሰሜን ኮረብታው ላይ ባለ ባሕር ዛፍ መሐል ነው። በሁለት ረድፍ ዛፍ መካከል አምስት እርምጃ የሚሰፋ መተላለፊያ አለ፤ ርዝመቱን በትምህርት ቤቱ የሜዳ ሜትር ለክቼ 55 ሜትር አገኘሁት። ከመተላለፊያው ጎን ደግሞ ክፍት ተዳፋት አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ እያንዳንዱን ዲስክ አሥር አሥር ጊዜ ወረወርሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከበረታ ወዲያ ደገምሁት። አንድ ቀን እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ቆም አሉና "ልጄ፣ ሰፌዱን ምን አድርጎሽ ነው የምትወረውሪው?" አሉኝ። ሸክማቸውን አሳርፈው አንድ ጊዜ እንዲወረውሩ ሰጠኋቸው። ስንዴ እንደሚያነፍሱ አድርገው በሁለት እጃቸው ነው የለቀቋት፤ ሃያ እርምጃ ሄደች።

ከሮክ ልጀምር። የካሊፎርኒያው ዲስክ አምራች ኢኖቫ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ዲስክ ነው። በዚህ ጨዋታ 12 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኬን ክላይሞ ስሙ የተያያዘው ከዚህ ዲስክ ጋር ነው። ቁጥሮቹ 4፣ 4፣ 0፣ 3 ናቸው። ከጠርዙ ግርጌ ቀጭን ጉብታ አለው፤ ጣት ሲያርፍበት ይታወቃል፤ እጁ ትልቅ የሆነ ሰው ይወደዋል፤ ትንሽ እጅ ያላቸው ሴት ተማሪዎቼ ግን ቶሎ አልለመዱትም። ፌዱ 3 ነው ማለት በዝቅተኛ አገርም ቢሆን መጨረሻ ላይ ወደ ግራ እንዲታጠፍ ሆኖ ነው የተሠራው። ጎንደር ላይ ደግሞ ያ መታጠፍ ቀደም ብሎ ይመጣል። በዛፎቹ መሐል ከአሥር ውርወራዬ ስድስቱ የግራውን ረድፍ መቱ። ክፍቱ ተዳፋት ላይ ከመስመሩ ስምንት ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደ ግራ ያርፋል። ያም ሆኖ ሁልጊዜ በዚያው ልክ ነው የሚታጠፈው። መታመን ማለት ይህ ከሆነ ሮክ ይታመናል።

ጥቅሙ የታየኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ዲስክ ከተወረወረበት በላይ ፈጥኖ የሚሄድ ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ወደ ቀኝ የማዘንበል ጠባዩ ይወጣል። ሌሎቹ ሲወላውሉ ሮክ በነፋሱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሄደልኝ። ሌላም አለ። የእኔ ሮክ ከዲኤክስ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ዲኤክስ ርካሹ፣ ለእጅ የሚመቸው፣ ግን ቶሎ የሚላላጠው ዓይነት ነው። ጠርዙ በተመታ ቁጥር ወደ ግራ የመታጠፍ ጠባዩ እየቀነሰ፣ እየቀና ይሄዳል። የቆዩ ተጫዋቾች ይህን አውቀው አዲስ፣ መካከለኛና ያረጀ ሮክ አንድ ላይ ይይዛሉ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ አለው። የእኛ ኮረብታ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ነው፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው የእኔ ሮክ ጠርዙ እንደ አሮጌ ሰንጢ ሆኗል። አሁን ከመጀመሪያው ይልቅ እወደዋለሁ።

ማኮ 3 የዚያው የኢኖቫ ነው፤ 5፣ 5፣ 0፣ 0። ቁጥሩን ላነበበ ሰው ይህ ነው ፍጹም ቀጥ ባይ። እዚህ ዜሮው ዜሮ አይሆንም፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት ወደ ግራ ይላል፣ ግን ጥቂት ነው። ግላይዱ አምስት ስለሆነ በሳሳው አየርም ይንሳፈፋል፤ በቀስታ ለሚወረውሩ ልጆች እግዚአብሔር ያሰበላቸው ይመስላል። የዘጠነኛ ክፍል ሴት ልጆች ከሦስቱ ርቀው የወረወሩት እሱን ነው። እኔ ጠንከር አድርጌ ስወረውረውም መስመሩን ይይዛል። የተቸገርሁት በጎን ነፋስ ነው፤ የሚንሳፈፍ ነገር በነፋስ ይወሰዳል፤ ተዳፋቱ ላይ አንድ ጊዜ ወስዶት ገደሉ አፋፍ ላይ ካለች ቁጥቋጦ ውስጥ ነው ያገኘነው። ጠዋት ጠዋት ለሚጫወት፣ ወይም ለጀማሪ ልጅ ከሆነ፣ ሳላመነታ እመክረዋለሁ።

ባዝ ጋ ደረስሁ። የሚሺጋኑ ዲስክራፍት ሥራ ነው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። 5፣ 4፣ -1፣ 1። ጠርዙ ግርጌ ጉብታ የለውም፤ ከእጅ ሲወጣ ጣትን አይዝም። ሲነካ ዝርግ ነው፤ አውራ ጣት ከላዩ ጋደም ብላ ታርፋለች። የመጀመሪያ ቀን ስይዘው ምንም ልዩ ነገር አላየሁበትም። ልዩነቱን ያየሁት ዛፎቹ መሐል ነው። ከአሥር ውርወራ ስምንቱ አምስት እርምጃ በምትሰፋው መተላለፊያ ውስጥ አለፉ። እስከ አርባ ሜትር ድረስ በገመድ የተሳበ ያህል ይሄዳል፤ ከዚያ ራሱን ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ፣ ተኝቶ ያርፋል፤ መሬት ነክቶ አይንከባለልም።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ብዙ አሰብሁ። መልሱ ያችው -1 ናት። በዝቅተኛ አገር ባዝ ገና ሲነሳ ትንሽ ወደ ቀኝ ይል ይሆናል። እዚህ የሳሳው አየር ያችን ወደ ቀኝ ማለቱን ይወስድበታል፤ የሚቀረው ቀጥ ያለው ነው። ማለትም ጽሑፉ ላይ "ትንሽ ወደ ቀኝ" የሚለው ዲስክ በእኛ ከፍታ "ቀጥ" ሆነ፤ "ቀጥ" የሚለው "ትንሽ ወደ ግራ" ሆነ፤ "ወደ ግራ" የሚለው ደግሞ ግድግዳ መቺ ሆነ። ደብረ ታቦር ወይም ደባርቅ ላለ ሰውም ይኸው ነው፤ ደባርቅ ከእኛ ከፍ ስለሚል እንዲያውም ይብሳል። ቆላ ወርዶ መተማ ለሚጫወት ግን ምክሬ አይሠራም፤ እዚያ ማኮ 3ን ይሞክር።

ስለ ባዝ አንድ ነገር ልጨምር። ስሳሳት ይነግረኛል። እጄን ሳላስተካክል የውጭ ጠርዙን ዝቅ አድርጌ ከለቀቅሁት በዚያው ዘመም ብሎ ይሄዳል፤ ቀና አድርጌ ከለቀቅሁት ቀና ብሎ ይሄዳል። ሮክ ሁሉንም ወደ ግራ ስለሚመልሰው ስህተቴን አላይም ነበር። በባዝ ሁለት ወር ከሠራሁ በኋላ ነው ትከሻዬን ቀድሜ እንደምከፍት ያወቅሁት። አስተማሪ አጠገቤ ቆሞ እንደሚነግረኝ ያህል ነው። በጠንካራ የፊት ነፋስ ብቻ አልይዘውም፤ ያኔ ሮክ ይውጣ።

ወደ ብርቱካናማዋ ልመለስ። ማዕከላዊው የጨዋታው ማኅበር ፒዲጂኤ ያጸደቀውን ዲስክ ክብደት የሚገድብ ሕግ አለ፤ ከዳር እስከ ዳር ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ከ8.3 ግራም አይበልጥም። ባዝም ሮክም 21.7 ሴንቲሜትር ስለሆኑ ከ180 ግራም ትንሽ ቢያልፉ ነው። 161 ሕግ አይጥስም፤ ቀላል ዲስክ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ለልጆች እንዲያውም ይሻላል። መጥፎው የተጻፈውና ያለው መለያየቱ ነው። ሌላም ጉድለት ነበረባት። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣት በአንድ ወገን ብድግ ትላለች፤ የመሐሏ ዝርግነት አልተጠበቀም። ጠርዟ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ስል ትርፍ ነበራት፤ የሁለት ተማሪዎቼን ጣት ጭራለች። በመጨረሻ አንድ ብርዳማ ጠዋት ግንድ መታችና ከጠርዝ እስከ መሐል ተሰነጠቀች። ሻጩ ዘንድ ደውዬ ስነግረው "መጫወቻ እኮ ነው" አለኝ። የተከፋሁት በገንዘቡ አይደለም። ልጆቹ ለአምስት ሳምንት "እኛ አንችልም" ብለው እንዲያምኑ ማድረጓ ነው። ስለዚህ ሱቅ ሄዶ የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ያድርግ፤ ዲስኩን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጦ ይነካካው፤ ጣቱን በጠርዙ ዙሪያ ያስኪደው፤ ክብደቱን ያስመዝን። ወርቅ ቤት ሁሉ ሚዛን አለው።

ስለ ፕላስቲኩ ብዙ አልልም። የእኔ ባዝ ዚ ከሚባለው፣ ብርሃን ከሚያሳልፈው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ድንጋዩን ችሎልኛል፤ ጭረት እንጂ ቅርጹን የሚለውጥ ጉዳት አላየሁበትም። አሜሪካ ዋጋው ከ15 እስከ 20 ዶላር መሐል ነው፤ የዲኤክሱ ዓይነት ወደ 10 ዶላር ገደማ። ሰው የሚልክለት ከሆነ ልዩነቱን ከፍሎ ጠንካራውን ያስመጣ፤ በዓመት አንዴ ለሚመጣ መንገደኛ የሚሰጥ ነገር ቶሎ ማለቅ የለበትም። ጠንካራው ፕላስቲክ ሲረጥብ ያሟልጫል። ክረምት ላይ በክንዴ ላይ አሮጌ ፎጣ ጠምጥሜ ነው የምወጣው። ከዝናቡ የባሰው ጭቃው ነው። የእኛ ዋልካ ከዲስኩ ሆድ ጋር ከተጣበቀ ክብደቱን በአንድ ወገን ያደርገዋል፤ ያኔ የትኛውም ዲስክ አይታመንም። ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት በጣት ዙሪያውን መጥረግ ግዴታ ነው።

ቀለምን የሚንቅ አለ። እኔ ከክብደት ቀጥሎ የማየው እሱን ነው። ማኮው ቢጫ ነበር። መስከረም ሲጠባ ኮረብታው ሁሉ አደይ አበባ ለበሰ፤ ቢጫ ዲስክ በአደይ አበባ መሐል ፈልጎ ማግኘት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። አሥራ ሁለት ልጆች ተሰልፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች አበጠሩት። ተገኘ፣ ግን የክፍለ ጊዜያችን ግማሽ ሄደ። አረንጓዴ ለክረምት አይሆንም፤ ቡናማ ለበጋ አይሆንም። ሮዝ ወይም ደማቅ ሰማያዊ ዓመቱን ሙሉ ይታያል።

ቦታም ልምረጥ ለሚል፣ እባካችሁ ከፋሲል ግቢም ከፋሲለደስ መዋኛም ራቁ። ሣሩ ይጋብዛል፣ አውቃለሁ፤ 177 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ነገር ግን የድሮ ኖራ ላይ ማረፍ የለበትም፤ ጎብኚ ራስ ላይም እንዲሁ። መንገድ ዳርም አይሆንም። እኛ ሁልጊዜ አንድ ልጅ ከፊት ቆሞ መንገዱ ባዶ መሆኑን በእጁ ሳያሳይ ማንም አይወረውርም።

አንድ ግራኝ ተማሪ አለኝ። ብርቱካናማዋን እየወረወረ "ቲቸር፣ እኔ ጋ ሁሉም ነገር ተገልብጧል" ሲለኝ ዲስኳ ራሷ የተበላሸች ስለነበረች ትክክል መሆኑን ልነግረው አልቻልሁም። ባዝን በሰጠሁት ቀን አርባ ሜትር ቀጥ ብሎ ሄዶ መጨረሻ ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘመመ፤ ለግራኝ መሆን ያለበት በትክክል ያ ነው። ዞር ብሎ አየኝ፤ ሌላ ውርወራ ለመነኝ፤ ከዚያ ሌላ። የቅርጫቷን ሰንሰለት በባዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንኳኳው እሱ ነው።

ለወንድሜ ትናንት መልእክት ልኬለታለሁ። ባዝ፣ ዚ ፕላስቲክ፣ ሁለት፤ አንዱ 177 ለእኔና ለትልልቆቹ፣ አንዱ ከ165 የማይበልጥ ለትንንሾቹ። ሰማያዊ ከጠፋ ሮዝ። ቢጫ እንዳያመጣ።